ከመሄዱ አካሄዱ፤ የአሠልጣኝ ፖል ብራያንት የሕይወት ጉዞ

ከሞሮ ቦተም መንደር እስከ ፎርዳይስ ከተማ ያለውን የገጠር መንገድ አንዲት እናትና ልጇ በበቅሎ ጋሪ ይመላለሱበት ነበር። ጋሪው ላይ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና የጓሮ አትክልት ይጫናል። እናት ከደጅ ደጅ እየዞረች ትሸጣለች፤ ልጅ በቅሎዎቹን ይይዛል፣ ዕቃ ያወርዳል። የከተማው ልጆች በአለባበሱና በጋሪው ይሳለቁበታል። ዘመኑ 1920ዎቹ፣ ቦታው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የምትገኘው የአርካንሳስ ግዛት ነው። ልጁ ያን ሳቅ አልረሳውም። አድጎ ስሙ በመላ ሀገሪቱ ከታወቀ በኋላም ከምንም በላይ የሚፈራው ወደ በቅሎዎቹና በቀን ሃምሳ ሳንቲም ወደሚከፈልበት የጥጥ ኩትኮታ መመለስን እንደነበር አልሸሸገም።

ያ ልጅ ፖል ዊሊያም ብራያንት ነው። በ1983 ሲያርፉ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የእግር ኳስ ከፍተኛ ውድድር ብዙ ጨዋታ በማሸነፍ የሚስተካከላቸው አሠልጣኝ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ብራያንት የሚታወሱት ግን በድላቸው ብቻ አይደለም። በዋና አሠልጣኝነት አራት ዩኒቨርሲቲዎችን አገልግለዋል፤ ሦስቱን ለቅቀው ሄደዋል፤ በየመሄዳቸውም ወደ ኋላ የቀረ የሚያዝን ሰው ነበር። የሀገራችን ሰው ከሞቱ አሟሟቱ ይላል። በእኒህ ሰው ሕይወትም ከመሄዳቸው ይልቅ አካሄዳቸው ነው ለዘመናት ሲያነጋግር የኖረው።

ብራያንት የተወለዱት ሴፕቴምበር 11 ቀን 1913 ነው። ወላጆቻቸው ዐሥራ ሁለት ልጆች የወለዱ ሲሆን እርሳቸው ዐሥራ አንደኛው ነበሩ፤ ከልጆቹ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። አባታቸው ታማሚ ስለነበሩ የእርሻው ሸክም በእናታቸው በአይዳ ብራያንት ትከሻ ላይ ወደቀ። አይዳ ጥብቅ ሴት ነበሩ። ልጆቻቸውን ከሥራ ጋር ሥርዓትን፣ ከሥርዓት ጋር እምነትን አስተማሯቸው። ፖል ቤት ውስጥ ባርኔጣ ማድረግ ነውር መሆኑን የተማሩት ከእናታቸው ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጣሪያ ባለው ስታዲየም ውስጥ ሲያሠለጥኑ፣ መለያቸው የሆነውን ባርኔጣ የሚያወልቁት በዚሁ ምክንያት ነበር።

በዓለም የታወቁበትን ቅጽል ስም ያገኙት በ13 ዓመታቸው ገደማ ነው። በፎርዳይስ ከተማ ቲያትር ቤት ድብ ይዞ የመጣ ሰው፣ ከድቡ ጋር ለሚታገል ለእያንዳንዷ ደቂቃ አንድ ዶላር እከፍላለሁ አለ። አንድ ዶላር ጥጥ ሲኮተኩት ለሚውል ልጅ የሁለት ቀን ደመወዝ ነበር። ቁመተ መለሎው ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ድቡን ያዘ። በትግሉ መሐል የድቡ አፍ መሸበቢያ ወለቀ፤ ልጁ ጆሮው ላይ ደም ሲያይ ከመድረክ ዘልሎ ወረደ። ገንዘቡን ሊቀበል ሲመለስ የድቡ ባለቤት ከከተማው ጠፍቷል። ብራያንት ዶላሩን ባያገኙም ድብ የሚለውን ስም ይዘው ቀሩ። ለሥራ ክፍያው ቀድሞ መታወቅና መጨበጥ እንዳለበት የተማሩበት የመጀመሪያው ውልም ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ትያዛለች፣ ትወረወራለች። ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች የተቃራኒውን ሜዳ ስንዝር በስንዝር እየነጠቁ ወደፊት ይገፋሉ። የፎርዳይስ ትምህርት ቤት ቡድን በ1930 የግዛቱ ሻምፒዮን ሲሆን ብራያንት ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው መጡ። ሃንክ ክሪስፕ ይባላሉ፤ በልጅነታቸው በእርሻ ሥራ ላይ በደረሰባቸው አደጋ አንድ እጃቸውን ያጡ ረዳት አሠልጣኝ ነበሩ። ወጣቱን በመኪናቸው አሳፍረው አላባማ ግዛት ውስጥ ወደምትገኘው ተስካሉሳ ከተማ ወሰዷቸው። ነጻ የትምህርት ዕድል ተሰጣቸው። የሞሮ ቦተሙ ልጅ ከጋሪው የወረዱት ያን ቀን ነው። የክሪስፕ ውለታ ከ26 ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ብራያንት በተማሪነታቸው ድንቅ ተጫዋች አልነበሩም፤ ጠንካራ ተጫዋች ግን ነበሩ። ከሌላው ጫፍ የሚሰለፈው ዶን ሃትሰን የዘመኑ ኮከብ ስለነበር እርሳቸው ሌላኛው ተብለው ይጠሩ ነበር። ቡድኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 1935 በካሊፎርኒያ በተካሄደው የሮዝ ቦውል ጨዋታ ስታንፎርድን 29 ለ 13 አሸነፈ። በዚያው ዓመት እግራቸው ላይ ስብራት እያለ ከቴኔሲ ጋር መጫወታቸው ስማቸውን በአላባማ ሰዎች ልብ አስቀመጠው። በተማሪነታቸው ሜሪ ሃርመን ብላክን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በአላባማ፣ ቀጥሎም በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ሠሩ። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባም ባሕር ኃይልን ተቀላቀሉ።

ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። ቡድኑ ከዘጠኝ ጨዋታ ስድስቱን አሸነፈ። ሆኖም በዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ራሳቸው አሠልጣኝ የነበሩ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ብራያንት ሥርዓት ጥሷል ብለው ያገዱትን ተጫዋች ፕሬዚዳንቱ መለሱት፤ ከረዳቶቻቸውም አንዱን ሳያማክሯቸው አሰናበቱ። ብራያንት በአንድ ዓመታቸው ለቀቁ። ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠው ተቃወሙ፤ ተማሪዎቹን አረጋግተው ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ የለመኑት ራሳቸው ተሰናባቹ ነበሩ። የመጀመሪያው መልቀቅ አንድ ነገር አስተማራቸው፤ ኃላፊነቱን የሰጡህ ሰዎች ሥልጣኑን ካልሰጡህ፣ ቤቱ የአንተ አይደለም።

ቀጣዩ ቤታቸው ኬንታኪ ሆነ። ከ1946 እስከ 1953 ባሉት ስምንት ዓመታት ከዚያ በፊት ብዙም የማይታወቀውን ቡድን ከታላላቆቹ ተርታ አሰለፉት። በ1950 የደቡብ ምሥራቅ ሊግን ዋንጫ ወሰዱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1951 ደግሞ በተከታታይ 31 ጨዋታ ያሸነፈውን የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሹገር ቦውል 13 ለ 7 ረቱ። ይሁን እንጂ ኬንታኪ የቅርጫት ኳስ ሀገር ናት። የቅርጫት ኳሱ አሠልጣኝ አዶልፍ ራፕ በግዛቱ ከማንም በላይ የሚከበሩ ሰው ነበሩ። ከራፕ ተጫዋቾች ጥቂቶቹ ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው የጨዋታ ውጤት ማዛባታቸው በ1951 ሲታወቅና ቡድኑም ከአንድ ዓመት ውድድር ሲታገድ፣ ብራያንት ራፕ ይለቃሉ ብለው ጠበቁ። ራፕ አልለቀቁም። በአንድ በረት ሁለት ወይፈን እንዳይሆን የፈለጉት ብራያንት ገና ብዙ ዓመት የሚቀረውን ውላቸውን አፍርሰው ሄዱ። ያለቀለት ቡድንና የተቀየመ ሕዝብ ወደ ኋላ ቀረ።

የሄዱበትን ምክንያት ለመረዳት የስፖርት ዳይሬክተርነት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት የተማሪዎች መዝናኛ ብቻ አይደለም። ስታዲየሙ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይይዛል፤ የመግቢያ ገንዘብ፣ የደጋፊ ነጋዴዎች መዋጮና የቴሌቪዥን ክፍያ ይገባበታል። ያን ሁሉ የሚያስተዳድረው የስፖርት ዳይሬክተሩ ነው። የሁሉንም ስፖርት አሠልጣኞች ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፤ ከማን ጋር መቼ እንደሚጫወቱ ይዋዋላል፤ ሕግ ሲጣስም ተጠያቂው እርሱ ነው። አሠልጣኝ ለዳይሬክተሩ መልስ ይሰጣል፤ ዳይሬክተሩ ለፕሬዚዳንቱ። ብራያንት በሜሪላንድም በኬንታኪም አሠልጣኝ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ካልሰጧቸው በስተቀር ወደየትም ላለመሄድ ወሰኑ።

ሁለቱንም የሰጣቸው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ነው። ስሙ በዚያ ዘመን የቴክሳስ እርሻና መካኒክ ኮሌጅ ነበር። መንግሥት በሰጣቸው መሬት የገበሬውን ልጅ ለማስተማር ከተቋቋሙት የአሜሪካ ኮሌጆች አንዱ ነው። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት የረዳው የኦክላሆማ እርሻና መካኒክ ኮሌጅም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነበር። ቴክሳሱ ኮሌጅ ወንዶች ብቻ የሚማሩበት፣ ወታደራዊ ሥርዓት የሰፈነበት ነበር። ብራያንት በ1954 መጀመሪያ የስፖርት ዳይሬክተርም አሠልጣኝም ሆነው ገቡ።

በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ያደረጉት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቴክሳስ ለዓመታት በዘለቀ ብርቱ ድርቅ ተመትታ ነበር። ሣሩ ከሥሩ ደርቋል፤ ገበሬው ከብቱን በርካሽ እየሸጠ ነበር። ብራያንት ተጫዋቾቻቸውን በሁለት አውቶቡስ ጭነው ጃንክሽን ወደምትባል ሩቅ ከተማ ወሰዷቸው። ድንጋይና እሾህ በሞላበት ሜዳ፣ በሚያቃጥል ፀሐይ፣ ለዐሥር ቀን ከንጋት እስከ ማታ አሠለጠኗቸው። በልምምድ ሰዓት ውኃ መጠጣት ክልክል ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙ አሠልጣኞች ጥንካሬ የሚገኘው እንዲህ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሙቀቱ ያዝለፈለፈው አንድ ተጫዋች ለሞት ተቃርቦ ተረፈ። ብዙዎቹ ሌሊት ሻንጣቸውን ይዘው ጠፉ። በሁለት አውቶቡስ ከሄዱት የተመለሱት አንዱን አውቶቡስ እንኳ በቅጡ አልሞሉም። በዚያ ዓመት ቡድኑ ከዐሥር ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸነፈ።

ብራያንት በስተርጅና ስለ ጃንክሽን ሲጠየቁ በሥራው አልተመጻደቁም። በዚያን ጊዜ ያወቁት ያን ብቻ እንደነበር፣ በኋላ ቢሆን እንደማያደርጉት፣ ራሳቸው ከተጫዋቾቹ አንዱ ቢሆኑም ሌሊቱን ሊጠፉ ይችሉ እንደነበር ተናግረዋል።

ሁለቱን ሥልጣን በአንድ እጅ መያዝ ሌላም ጣጣ ነበረው። ሀብታም ደጋፊዎች ጎበዝ ወጣቶችን ወደ ኮሌጁ ለመሳብ ከሕግ ውጭ ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ድርጊቱ ተደርሶበት ኮሌጁ በ1955 ተቀጣ። ቅጣቱ ቡድኑን ከዓመቱ መዝጊያ ታላላቅ ጨዋታዎች አገደው። አሠልጣኙን የሚቆጣጠረው ዳይሬክተር አሠልጣኙ ራሱ ሲሆን፣ አይሆንም የሚል ሰው ይጠፋል። በ1956 የጃንክሽን ልጆች አድገው ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፈው፣ አንዱን አቻ ወጥተው፣ ሳይሸነፉ የሊጉን ዋንጫ ወሰዱ። የላባቸውን ዋጋ የሚያገኙበት የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ ግን በቅጣቱ ምክንያት ቀረባቸው። ጥፋቱ የትልልቆች ሆኖ ሳለ ዕዳውን የከፈሉት ልጆች ናቸው።

ከዚያ 1957 መጣ። ቡድኑ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በጋዜጠኞች ድምፅ ከሀገሪቱ አንደኛ ሆነ። ጆን ዴቪድ ክሮው የሚባለው ተጫዋች የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የሃይዝማን ሽልማት የሚወስድበት ዓመት ነበር። ብሔራዊው ክብር ሁለት ጨዋታ ብቻ ቀርቶታል።

በዚያው ጊዜ በተስካሉሳ የብራያንት የቀድሞ ትምህርት ቤት ወድቆ ነበር። አላባማ በሦስት ዓመት ውስጥ ካደረጋቸው 30 ጨዋታዎች ያሸነፈው አራቱን ብቻ ነው። የቅርብ ተቀናቃኙ ኦበርን በዚያው ዓመት 40 ለ 0 ቀጥቶት ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ግዛት ያሉ በመሆናቸው ሽንፈቱ በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚነሳ ሐፍረት ነበር። የአላባማ ሰዎች ወደ ቴክሳስ ሽማግሌ ላኩ።

ብራያንት ተጨነቁ። በቴክሳስ ውል አለባቸው። በጃንክሽን አቧራ ያሳደጓቸው ልጆች አሉባቸው። በዓመቱ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር መነጋገር የገዛ ቡድንን ልብ እንደሚሰብር ያውቃሉ። በሌላ በኩል ከጋሪው ያወረዳቸው፣ ያስተማራቸው፣ የዳራቸው አላባማ ነው። ሌላም እሾህ ነበረ። ወደ አላባማ ከሄዱ የስፖርት ዳይሬክተርነቱንም ይፈልጋሉ፤ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ደግሞ ሃንክ ክሪስፕ ነበሩ፤ በ1931 በመኪናቸው ያመጧቸው ያ ባለ አንድ እጅ ሰው። ባለ ውለታን ከወንበሩ አስነስቶ መቀመጥ በገጠር ላደገ ሰው ከባድ ነገር ነው። ጉዳዩ የተፈታው ክሪስፕ ራሳቸው ቦታውን በደስታ እንደሚለቁ አረጋግጠው፣ ና ወደ ቤትህ ብለው ሲጠሯቸው ነው።

ወሬው ግን ቀድሞ ወጣ። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ፣ ከራይስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚደረገው ጨዋታ ዋዜማ፣ ብራያንት ወደ አላባማ ሊሄዱ ነው የሚለው ዜና በሂዩስተን ጋዜጣ ታተመ። ተጫዋቾቹ ሜዳ የገቡት ልባቸው ለሁለት ተከፍሎ ነው። በአንዲት ነጥብ ልዩነት 7 ለ 6 ተሸነፉ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ዋነኛ ተቀናቃኛቸው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ 9 ለ 7 አሸነፋቸው። በመዝጊያው ጨዋታ ደግሞ ቴኔሲ 3 ለ 0 ረታቸው። ሦስቱ ሽንፈት ቢደመር የስድስት ነጥብ ልዩነት ነው። በጃንክሽን ሙቀት ያልተሰበረ ቡድን በአንድ የጋዜጣ ዜና ተሰበረ።

ብራያንት ዲሴምበር 1957 ሹመታቸው ሲነገር የሰጡት ምክንያት ለገጠር ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ሜዳ ላይ ሲጫወት የዋለ ልጅ እናቱ ስትጣራ ጨዋታውን ጥሎ ወደ ቤቱ እንደሚሮጥ ሁሉ፣ እርሳቸውም እናት ትምህርት ቤታቸው ስለጠራቻቸው መሄዳቸውን ገለጹ። አባባሉ በአሜሪካ ደቡብ እስከ ዛሬ ይነገራል። በቴክሳስ ግን ሌላ እናት፣ ሌሎች ልጆች ነበሩ፤ ለእነርሱ ያ ንግግር መጽናኛ አልሆነም።

በአላባማ ያደረጉት ከተጠበቀውም በላይ ነው። በአራተኛው ዓመታቸው በ1961 ቡድኑ 11 ጨዋታ ተጫውቶ 11ዱንም አሸነፈ፤ ዓመቱን ሙሉ የተቆጠረበት 25 ነጥብ ብቻ ነበር። በ1964፣ በ1965፣ በ1973፣ በ1978 እና በ1979 ብሔራዊ ሻምፒዮን ተባለ። በ25 ዓመት ውስጥ 232 ጨዋታ አሸንፈው 46 ተሸንፈዋል፤ ዘጠኙን አቻ ወጥተዋል።

ክብሩ ያለ ፈተና አልመጣም። በ1963 አንድ ታዋቂ መጽሔት፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር የነበሩት ዋሊ በትስ የቡድናቸውን ምስጢር በስልክ ለብራያንት አሳልፈው ሰጥተዋል ሲል ጻፈ። ሁለቱ የተቀናቃኝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ክሱን ካዱ፤ መጽሔቱንም በስም ማጥፋት ከሰሱ። ብራያንት በ300 ሺህ ዶላር ካሳ ከመጽሔቱ ጋር ተስማሙ። በትስ በፍርድ ቤት ረቱ፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1967 ፍርዱን አጸናላቸው። ጉዳዩ በተቀናቃኞች መካከል ያለ ወዳጅነት ምን ያህል በጥርጣሬ ዐይን እንደሚታይ ያሳየ ነበር።

ሌላው ጥያቄ የበለጠ ከባድ ነው። ብራያንት ሥራ ሲጀምሩ አላባማ የዘር መድልዎ በሕግ የጸናባት ግዛት ነበረች። ቡድናቸው ለዓመታት ነጮችን ብቻ ያሰልፍ ነበር። በግዛቱ የእርሳቸውን ያህል የሚሰማ ሰው ጥቂት ሆኖ ሳለ ለምን ቀድመው በሩን አልከፈቱም የሚለው ወቀሳ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ነጻ የትምህርት ዕድል የተሰጠው የመጀመሪያው ጥቁር የእግር ኳስ ተጫዋች ዊልበር ጃክሰን የገባው በ1970 ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን ያሰለፈው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም ከተማ መጥቶ አላባማን 42 ለ 21 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ጆን ሚቸል ለአላባማ ዋና ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፤ በኋላም ብራያንት ረዳት አሠልጣኝ አድርገው ቀጠሩት። ለውጡ መጣ፤ ግን ዘግይቶ።

የቅርጫት ኳሱ በር ቀደም ብሎ የተከፈተውም በብራያንት ዳይሬክተርነት ነው። በ1968 አዲስ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሲፈልጉ ስልክ የደወሉት ለማንም አልነበረም፤ ከኬንታኪ እንዲወጡ ምክንያት ለሆኑት ለአዶልፍ ራፕ ነው። ራፕ የቀድሞ ተጫዋቻቸውን ሲ. ኤም. ኒውተንን ጠቆሙ፤ ብራያንት ቀጠሩት። ኒውተን በ1969 ዌንዴል ሃድሰንን አስገባ፤ ሃድሰን በአላባማ ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ስፖርተኛ ሆነ። ብራያንት የቀድሞ ተጫዋቾቻቸው ልጆች በዩኒቨርሲቲው እንዲማሩ የሚያግዝ የትምህርት ገንዘብም አቋቁመዋል። ከራሳቸው ልጅነት የተነሣ ለገበሬ ልጅ የትምህርት ዕድል ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

በ1969 መጨረሻ ቡድናቸው በተዳከመበት ወቅት አንድ ጊዜ ደግሞ ልባቸው ሸፍቶ ነበር። ማያሚ ዶልፊንስ የሚባለው የባለሙያዎች ቡድን ጥሪ አቀረበላቸው፤ ገንዘቡም ብዙ ነበር። ሥራውን ለመቀበል ተቃርበው በመጨረሻ ቀሩ። ከቴክሳሱ ትዝታ ጋር ሲታይ የዚህ መቅረት ትርጉም ይጎላል። በዚያኛው ጊዜ የሄዱት የቀድሞ ቤታቸው ስለጠራቸው ነው፤ በዚህኛው ግን ከቤታቸው በላይ የሚጠራ አልነበረም።

በቴክሳስ የተውት ጉዳይስ? ከመልሱ ጥቂቱ የተሰጠው ጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ነው። አላባማ በዳላስ ከተማ በኮተን ቦውል ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጋር ተገናኘ። የተቃራኒው አሠልጣኝ ጂን ስቶሊንግስ ነበሩ፤ ከጃንክሽን ያልሸሹ፣ በኋላም በአላባማ የብራያንት ረዳት የነበሩ ሰው። ተማሪው መምህሩን 20 ለ 16 አሸነፈ። ጨዋታው ሲያበቃ የ54 ዓመቱ ብራያንት ሜዳውን አቋርጠው ሄደው ስቶሊንግስን ከመሬት አንሥተው ተሸከሙት። ያን ቀን የተሸነፈ ሰው ፊት በብራያንት ላይ አልታየም።

ኖቬምበር 28 ቀን 1981 ኦበርንን 28 ለ 17 ሲያሸንፉ 315ኛ ድላቸው ሆነ፤ የአሞስ አሎንዞ ስታግን የቆየ ክብረ ወሰን ሰበሩ። የኦበርን አሠልጣኝ ፓት ዳይም የእርሳቸው የቀድሞ ረዳት ነበሩ። በዚያ ዘመን በአንድ የስልክ ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ ቀርበው ተመልካቹን ለእናቱ ደውሎ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ያልተጻፈላቸውን አንድ ነገር ጨመሩ፤ እርሳቸውም ለእናታቸው መደወል ቢችሉ እንዴት በወደዱ። ሰሚው ሁሉ ልቡ ተነካ፤ ያ ማስታወቂያም ኩባንያው ካሰበው በላይ ሆኖ ቀረ።

ዲሴምበር 1982 ጡረታ መውጣታቸውን አስታወቁ። በወሩ መጨረሻ ኢሊኖይን 21 ለ 15 አሸንፈው በ323 ድል ሥራቸውን ፈጸሙ። ሥራ ቢያቆሙ ብዙ እንደማይቆዩ በቀልድ መልክ ሲናገሩ የኖሩት እውነት ሆነ። ከመጨረሻው ጨዋታ አራት ሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1983፣ በ69 ዓመታቸው በልብ ሕመም በተስካሉሳ ሆስፒታል አረፉ። አስከሬናቸው ከተስካሉሳ ወደ በርሚንግሃም ሲጓዝ፣ በሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ገበሬው ከማሳው፣ ነጋዴው ከሱቁ፣ ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ብራያንት በሕይወታቸው ብዙ የሻምፒዮና ቀለበት ተሸልመዋል፤ ወደ መቃብር ሲወርዱ በጣታቸው የነበረው ግን ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። ከጃንክሽን የተረፉት ልጆች አርጅተው በ1979 ለ25ኛ ዓመት መታሰቢያ ሲሰበሰቡ የሰጧቸው ቀለበት ነበር። ከዐሥር ጨዋታ አንዱን ብቻ ያሸነፈው ቡድን ቀለበት ነው። ሰጪዎቹም ጥለውት የሄዱት የዚያ ኮሌጅ ልጆች ናቸው።